ሐዋ እኔ ቤት የተኛችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ሁለት ማንኪያ ብቻ። ሩዙን አፏ ውስጥ እያዞረች ቆየችና "በቃኝ" አለች። አልጠገበችም። ለምን እንደማትበላ አውቃለሁ፤ ከበላች ከረጢቱ ይሞላል።

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ በአውሮፕላን የመጣችው ትናንት ነው። ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ዛሬ አስራ ሁለተኛ ቀኗ። ካንሰሩ የያዘውን የትልቁን አንጀት ክፍል ቆርጠው አወጡላት። የቀረውን ጫፍ በግራ ሆዷ በኩል ወደ ውጭ አውጥተው ሰፉት። አሁን የምትጸዳዳው በዚያ ነው፤ ላዩ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። ይሄን መጻፍ እንኳ ከበደኝ። እሷ ተሸክማው ትውላለች።

መንጌ ወዳለው ቤቷ ያልሄደችው ቁስሉ በየቀኑ መታየት ስላለበት ነው፤ የእኔ ቤት ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ለዘመድ የተነገረው ይሄ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ባሏ አቡ ዘይነብ ስለ ከረጢቱ አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት "አንጀቷ ላይ እጢ ነበር፣ ወጣላት" የሚለውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያስታመመቻት ልጇ ዘይነብ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ስላለባት እዚያው ቀርታለች። እሷንም አስምላታለች። እኔን ደግሞ ትናንት፣ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ፦ "ቢፍቱ፣ ለእሱ ብትነግሪ እኔ እዚህ ቤት አላድርም።"

እሺ አልኳት። 

ጠዋት ከረጢቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ዘይነብ በስልክ እየነገረችኝ። ሐዋ ፊቷን በምትጠቀለልበት ቶብ ሸፍና ተኛች። ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ መቀስ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፤ የከረጢቱን ቀዳዳ ግን አጣምሜ ቆረጥኩት።

ይዛው የመጣችው ወረቀት ላይ ያለው፦
– ትኩሳት በቀን ሁለት ጊዜ መለካት
– ከባድ ነገር አለማንሳት
– ውሃ በብዛት መጠጣት
– ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ
– የናሙናውን ውጤት በሚቀጥለው ሰኞ በስልክ መጠየቅ

የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ካንሰሩ ተጠርጎ መውጣቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጻፍ፣ ለማንም ስላልተናገርኩት። ባለፈው ክረምት ሐዋ ሱቄ ገብታ ደም እንደምታይ ስትነግረኝ "ኪንታሮት ነው፣ አትጨነቂ" ያልኳት እኔ ነኝ። ገበያ ከምትሸጥ ሴት የሥር መድኃኒት ያመጣሁላትም እኔ ነኝ። ሐኪም ጋ እስክትሄድ ሰባት ወር አለፈ። እስካሁን አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ከረጢቱ ለቀቀ። ገና ፀሐይ ስትወጣ። በላብ ማጣበቂያው አልያዘም። አንሶላው፣ ቀሚሷ፣ ፍራሹ ሁሉ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ውጭ አስተኚኝ" አለች። "ከፍየል ጋር።"

"ፍየል የለኝም" አልኳት። 

አጠብኳት። አስራ አራት ዓመት ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ እሷ ከመንጌ እየተመላለሰች ቶብና ጨርቅ ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ምሳ አብረን በልተናል፣ ሐዘን አብረን ተቀምጠናል። ገላዋን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እንዴት ከስታለች። የጎኗ አጥንት ይቆጠራል።

የቀረን አምስት ከረጢት ብቻ ነው። የከተማውን መድኃኒት ቤት በሙሉ ዞርኩ። አንደኛው የሽንት ከረጢት አወጣልኝ። ሌላኛው ከአዲስ አበባ ልዘዝልሽ አለኝ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን እርግጠኛ አይደለም። ዘይነብ ጋ ደወልኩ። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ፈልጌ እልካለሁ አለች።

ቁስሉን የምታየው ሲስተር አስቴር ናት። የወንበራ ልጅ፤ አሶሳ ከመጣች ሦስት ዓመቷ። ከሥራ ስትወጣ በእኛ በር ነው የምታልፈው፤ ገብታ አየችልን። ከረጢቱ በየቀኑ አይቀየርም አለች። ከሥሩ ተከፍቶ ይፈሳል፣ ይታጠባል፣ መልሶ ይታሰራል፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ቆዳው በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ማጣበቂያው ከመለጠፉ በፊት መዳፍ ውስጥ ይሞቃል። እኔ ትናንትና ዛሬ በከንቱ ሁለት ከረጢት ጥያለሁ። አልተቆጣችኝም። "ማን አስተማረሽና" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሄጄ ከረጢቱን ደግፎ የሚይዝ ቀበቶ ሰፋሁ። ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ በጎንና በጎኑ ላስቲክ፣ መሃሉ ላይ ኪስ። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ሐዋ ጨርቁን በጣቷ ዳበሰችው።

"ይሄ ከእኔ ሱቅ ነው?"

"አዎ።"

"ጥሩ ጨርቅ ነው።"

ከመጣች ጀምሮ ስለ ሕመሟ ያልሆነ የመጀመሪያ ንግግሯ። ግማሽ ሙዝ በላች። የዛሬ ድሌ ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

38.6። መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እኔን ለካሁበት። እኔ 36.5። እሷን እንደገና፣ 38.6።

የቁስሉ የታችኛው ጫፍ ቀልቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል። እንሂድ አልኳት። እምቢ። "ሆስፒታል ሰው ያየኛል። የመንጌ ሰው እዚያ አይጠፋም።" ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። በመጨረሻ ሲስተር አስቴር ጋ ደወልኩና ስልኩን ለሐዋ ሰጠኋት። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ሐዋ ስልኩን መለሰችልኝና ጫማዋን ፈለገች።

ዝናብ ጀመረ፤ እንደ ዛሬው ከባድ ዘንድሮ አልዘነበም። አንድ ባጃጅ ለማግኘት አስፋልቱ ዳር ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ጭቃው ላይ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ሐዋ እጄን ጨመቀች። 

ሐኪሙ ወጣት ነው። ቁስሉን አይቶ ሁለት ስፌት ፈታ። መግል ወጣ፣ ብዙ። እኔ ጣሪያውን ነበር የማየው። መርፌ ታዘዘላት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። አስተኝተን እንከታተላት አለ፤ ሐዋ እምቢ አለች። ሲስተር አስቴር መርፌውን ቤት መጥቼ እወጋለሁ ስትለው ተስማማ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

"የላይኛው ቁስል ብቻ ከሆነ ይድናል። መግሉ ወደ ውስጥ ከገባ ግን እዚህ የምንሠራው አይደለም፣ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ትኩሳቱን ተከታተይ።"

"እስከ መቼ?"

"ሁለት ሦስት ቀን።"

ለሐዋ የነገርኳት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለባሏ መዋሸት ስጀምር ለእሷም መዋሸት ቀለለኝ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጠዋት 38.3።

አቡ ዘይነብ ደወሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ለእኔም ለሐዋም አንድ ነው።

"እሱ እንዴት ነው?"

"ደህና ናት፣ ተኝታለች።"

"ትናንትም ተኝቷል አልከኝ። ከትናንት በፊትም ተኝቷል። ሁልጊዜ ተኝቷል?"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስድስት ሰዓት ላይ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከመንጌ በጭነት መኪና ነው የመጡት፤ የማሽላ ዱቄት በከረጢት ይዘዋል፣ ልብሳቸው ጭቃ ብቻ። ገብቼ ለሐዋ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ቁስሉ ሰው አይፈልግም ብለዋል በይው። ይመለስ።"

ወጥቼ አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ። ሄደው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልጠጡም።

"እኔ ሠላሳ ዓመት ከእሱ ጋር ኖርኩ" አሉኝ። "እየሞተ ከሆነ ንገረኝ። ሌላ ነገር ካለ ንገረኝ። በር ላይ አታስቀምጠኝ።"

 ገብቼ ለሐዋ ነገርኳት። መሐላዬን አላፈርስም፣ ግን ከእንግዲህ አልዋሽላቸውም፤ አንቺው ንገሪያቸው ወይ አንቺው መልሻቸው አልኩ። ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች። ይሄን ያህል ኃይል እንዳላት አላውቅም ነበር።

"ያኔ ኪንታሮት ነው አልሽኝ። አሁን ደግሞ ለባልሽ ንገሪ ትይኛለሽ። ስንት ጊዜ ልስማሽ?"

ይኸው ተነሳ። በሽታዋ ከታወቀ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ከቤት ወጥቼ ሱቅ ሄድኩ። የአንዲት ልጅ የምርቃት ቀሚስ ጀምሬ ነበር፤ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ ተመለስኩ።

አቡ ዘይነብ እዚያው ማንጎው ሥር ነበሩ። ጎረቤቴ ቤት አሳደርኳቸው። እኔና ሐዋ ከመድኃኒቷ በቀር ሌላ አልተነጋገርንም። ማታ 38.2።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ልጽፈው ያልጠበቅኩት ቀን።

ሲስተር አስቴር ከሥራ በፊት ለመርፌው መጣች። ትኩሳቷ 38.0። ፋሻውን ስታነሳ ከረጢቱ በአንድ ጎኑ ተላቀቀና ፈሰሰ። ሽታው ወዲያው ቤቱን ሞላ። መስኮቱ ክፍት ነው። አቡ ዘይነብ ደግሞ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ሰላም ሊሉ መጥተው።

ገቡ። ሐዋ በበርታ ቋንቋ ጮክ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ውጣ ማለቷ እንደሆነ ድምፁ ይናገራል። መድረኩ ላይ ቆሙ። አልወጡም። ሆዷን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

"የደበቅከው ይሄን ነው?"

"አዎ" አልኩ።

ሳፋውን አንስተው ወጡ። ትተውን ሄዱ ብዬ ነበር። የቧንቧው ድምፅ ተሰማ። ሳፋውን ውሃ ሞልተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተመለሱ፤ አልጋው አጠገብም ተንበረከኩ። ሲስተር አስቴር ጓንት ሰጠቻቸው።

"አባቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበር" አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ። "ያጠብኩት እኔ ነው። እሱ ከረጢት የለውም። ይሄ ይሻላል፣ ከረጢት አለው።"

ሐዋ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም፤ አሁንም አላውቅም።

ቀጥሎ በራሳቸው ቋንቋ ብዙ አወሩ። እኔ ገበያ ላይ የምሰማውን ያህል ብቻ ነው የማውቀው። "ሶላት" የምትለዋን ለየኋት። ለካስ ሐዋ ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ አልሰገደችም። ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ከሰውነቴ እየወጣ እንዴት አላህ ፊት እቆማለሁ ብላ። ይሄን ሁሉ ቀን ስታስበው የኖረችው ይሄን ነው፤ እኔ ስለ ምግቡና ስለ ትኩሳቱ ስጨነቅ።

አቡ ዘይነብ ለጁምዓ መስጊድ ሄዱና ከስግደቱ በኋላ ሸኹን ጠየቁ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

"ዑዝር ነው፣ ሸኹ አለ። በሽታ ያመጣው ነገር። ለእያንዳንዱ ሶላት ታጠብ፣ ዉዱእ አድርግ፣ ከዚያ ስገድ። መሃል ላይ የሚወጣው አይቆጠርም። ቆመህ ካልቻልክ ተቀምጠህ።"

ሐዋ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከሰዓት በኋላ ያለውን የአስር ሶላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰገደች። እኔ ደጅ ነበርኩ። ከውስጥ የሰማሁት ዝግ ያለ ድምፅ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ የሰማሁት የሷ ድምፅ አልነበረም። የድሮዋ ሐዋ ናት።

እኔን ግን አላናገረችኝም። ገንፎ ከባሏ እጅ በላች። ተመስገን አልኩ። ትንሽም ቀናሁ። ማታ 37.8።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

38.5።

ትናንት ያልፋል ብዬ ነበር። ጠዋት መለኪያውን አይቼ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። "ያ ዋቃ" አልኩ፣ አምላኬን እንደ እናቴ በኦሮምኛ እየጠራሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

የገበያ ቀን ነው፤ ባጃጅ የለም። አቡ ዘይነብ አንድ ቆርቆሮ የጫነ ባጃጅ አስቁመው፣ ቆርቆሮውን አስወርደው፣ እኛን አሳፈሩ። ባለ ቆርቆሮው ሰውዬ ቅር ሳይለው ዳር ላይ ጠበቀ። ደግ ሰው ነው፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

አልትራሳውንድ ታየች። ቁስሉ ሥር ትንሽ የተጠራቀመ ነገር አለ፣ ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ግን አልገባም። ሐኪሙ ሌላ ስፌት ፈትቶ አጠበው፣ ቀዳዳውን በፋሻ ሞላው። ነገ ትኩሳቱ ካልወረደ አዲስ አበባ ነው አለ። በዚህ ጊዜ ለሁለቱም ፊት ለፊት ነው የተናገረው። እንደዚያ እንዲያደርግ የነገርኩት እኔ ነኝ።

አቡ ዘይነብ መድኃኒት ሊያመጡ ሲሄዱ እኔና ሐዋ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ብቻችንን ቀረን። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ጀመርኩ። ስለ ኪንታሮቱ። ስለ ሥሩ። አውቃለሁ ባይ ስለመሆኔ። ሳላለቅስ ለመጨረስ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ሐዋ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች ሰማችኝ።

"አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እኔም አውቃለሁ አይደለሽም። ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ ከሱቄ በእግር ይሄዳል። ለምን አንቺን ጠየቅኩ? አንቺ ምንም አይደለም ትያለሽ። እኔ ያንን መስማት ፈለግኩ።" ወደ እኔ ዞረችና "ሐሙስ ተናድጄ ነው" አለች። "ግን ሥሩ በጣም መራራ ነበር፣ እሱን ይቅር አልልሽም።"

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ቁስሏ ስላመማት "አታስቂኝ" ብላ ሆዷን ያዘች። ሸክሙ ከላዬ ወርዷል ማለት አልችልም። ሰባት ወር ሰባት ወር ነው። ቢያንስ አሁን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ማታ 38.0። ልብስ በሻንጣ አዘጋጅቻለሁ። ነገ አዲስ አበባ የምንሄድ ከሆነ።

እሁድ፣ ግንቦት 10

37.2።

ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሐዋ "ተይኝ፣ ብብቴ አለቀ" አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ልብሱን ከሻንጣ አወጣሁት፣ ከዚያ እንዳላበላሸው ብዬ መልሼ ከተትኩት፣ ከዚያ እንደገና አወጣሁት። እንዲህ ነው የዋልኩት።

ሲስተር አስቴር ፋሻውን ስትቀይር ፈሳሹ ቀንሷል፣ ሽታው ጠፍቷል አለች። ከረጢቱም ጠርዙ በእርጥበት ስለላላ መቀየር ነበረበት። ጓንቱን ላጠልቅ ስል ሐዋ "አምጪ" አለች። አቡ ዘይነብ ወጡ፤ አሁን መቼ መውጣት እንዳለባቸው ያውቃሉ። የድሮውን ቀስ ብላ ላጠችው። መስታወት ጠየቀችኝ። የጸጉር መስታወቴን ሰጠኋትና ሆዷ ላይ አዘንብላ ያዘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምታየው። 

"ቀይ ነው" አለች። "እንደ ሕፃን አፍ።"

ያምሻል ወይ አልኳት። ነካችው። "ምንም አይሰማም። የእኔ አይመስልም።" አዲሱን ከረጢት ለመለጠፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። አጣመመችው። እኔ ከለጠፍኩት ግን የተሻለ ነው፣ ይሄን ማመን አለብኝ።

ዘይነብ የላከችው ከረጢት ደረሰ፣ በአውሮፕላን በመጣ አንድ መምህር እጅ። ሠላሳ ነው። ቆጥሬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

ማታ 37.0። ነገ ግን ሰኞ ነው። ሦስታችንም ስለ ሰኞ አላወራንም። አቡ ዘይነብ ስለ ዝናቡ ብዙ አወሩ፤ ማሽላው መዘራት አለበት።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠዋት 36.9።

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። አይነሳም። አራት ሰዓት፣ መስመሩ ተይዟል። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። እኔ ስልኩን ይዤ ግቢውን እዞራለሁ፣ አቡ ዘይነብ አንዱን ሚስማር ሲመቱ፣ ሲነቅሉ፣ ሲመቱ። ሐዋ ብቻ ናት የተረጋጋችው፤ ወይም እንደዚያ ታስመስል ነበር፣ ምክንያቱም አንዱን ሙዝ ለመላጥ ስንት ጊዜ እንደፈጀባት አይቻለሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቀዶ ጥገናውን ያደረገላት ሐኪም ራሱ ደወለ። ስልኩን ጮክ እንዲል አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ለእሷ እንዲገባት።

የተቆረጠው ጫፍ ንጹሕ ነው። ጉበቷም ንጹሕ ነው። ይሄን ሲል አቡ ዘይነብ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። ከአካባቢው ካወጧቸው አስራ አራት ንፍፊቶች ሁለቱ ውስጥ ካንሰሩ ተገኝቷል። ስለዚህ ኬሞ ያስፈልጋል፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ለስድስት ወር ያህል። የሚጀመረው ቁስሉ ሲዘጋ ነው፣ እሱም በአንድ ወር ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው አለ።

"ካልተዘጋስ?" አለች ሐዋ።

"እንዲዘጋ ብዪ" አላት። "ሥጋ፣ እንቁላል፣ ያገኘሽውን። አትራቢ።"

"ኬሞው ያድናል?"

"ዕድልሽን በጣም ያሳድገዋል። ቃል ልገባልሽ አልችልም።"

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቱ አለባቸው፣ አስራ ሁለቱ የለባቸውም። እኔ አስራ ሁለቱን አጥብቄ ለመያዝ ሞከርኩ፣ ሐሳቤ ወደ ሁለቱ እየሄደ አስቸገረኝ። አቡ ዘይነብ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ እኔ እሄዳለሁ አሉ፤ ማሽላው ይቅር፣ ከእሱ ጋር አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ሐዋ እንቁላል እያኘከች ነበር። ሁለተኛው እንቁላል ነው። ዋጠችና ራሷን ነቀነቀች።

"አንተ ዝራ። ዝናቡ አይጠብቅህም። ከእኔ ጋር ቢፍቱ ይሄዳል።"

እሷም ስትደክም እንደ ባሏ ነው አማርኛዋ።

ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ስለ ሱቄ፣ ስለተቆለለው ስፌት፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ እንደማላውቅ፣ ከፍታ እንደምፈራ። አቡ ዘይነብ ወደ እኔ ዞር አሉ፣ ሐዋ ግን ዞር አላለችም፤ የጨው ዕቃውን ብቻ ወደ እሷ እንዳስጠጋላት በእጇ አሳየችኝ።

አስጠጋሁላት። ፈርቻለሁ፣ በጣም። ደስም ብሎኛል።